ከምሳ በፊት፣ ከምሳ በኋላ

ፈታሿ ሰው የምታምነው ከፈተሸችው በኋላ ነው። እንዲህ የምትለው ራሷ ናት፤ ያውም እየሳቀች። በሳሙና ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ከሥራ የሚወጡትን ሴቶች ስትዳብስ ስለኖረች፣ ሳሙና የማይሸሸግበት የሰው አካል እንደሌለ ገብቷታል። ከካልሲ ውስጥ አውጥታለች፣ ከሻሽ ሥር አውጥታለች፤ አንዴማ «እጄ ተሰብሮ ነው» ካለች ሴት ፋሻ ውስጥ ሦስት ሙሉ ሳሙና መዝዛለች። ዓይኗ ከእጇ ይቀድማል። የደበቀ ሰው ወይ ያለልክ ያወራል፣ ወይ አፉን ይለጉማል።

እቤቷ ስትገባ ግን ይህን ሥራዋን በር ላይ ጥላው ነበር የምትገባው። ባሏ አናጢ ነው፤ ትከሻው የሰፋ፣ ለሳቅ የቀረበ፣ ከጆሮው ጀርባ ሰጋቱራ የማይጠፋ ሰው። ልጆቻቸው ጎጆ ወጥተው ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ አንድም ቀን ኪሱ ገብታ አታውቅም ነበር።

ነገር የመጣው አናጢው ስኳር እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ የስኳር ክትትል የምትሠራው ሲስተር፣ መዳፍ የምታህል መለኪያ፣ ጣት መውጊያና የደም ጠብታ የሚነካበት አንድ ቆርቆሮ ስትሪፕ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አስረዳቻቸው።

«የእርስዎ ስኳር የሚያስቸግረው ምሳ ላይ ነው፤ ከባዱን ምግብ የሚበሉት ያኔ ነዋ። ስለዚህ ልክ ሊበሉ ሲሉ ይለኩ። መብላት ከጀመሩ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ደግሞ ይድገሙት። የመጀመሪያው ከመቶ ሠላሳ ባይበልጥ፣ የኋለኛው ከመቶ ሰማንያ ባያልፍ ደስ ይለኛል። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ምግቡ ምን እንደሠራ ይነግረናል።»

«ባይወርድስ?» አለ አናጢው።

«ክኒኑ አልያዘውም ማለት ነው። ወደ መርፌ እንሄዳለና!»

አናጢው ፊቱ አመድ መሰለ። ፈታሿ አየችው፤ ግን መርፌ የማይፈራ ማን አለ ብላ አለፈችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ዕቃውን በራሷ እጅ ታሰናዳ ጀመር። ሩዙን ቀነሰች፣ ጎመኑን አበዛች፣ ምስር ጨመረች፣ ዳቦውን በስሱ ቆረጠች። አናጢው ክዳኑን ከፍቶ ያይና «ይሄ የሰው ምሳ ነው የጥንቸል?» ይላታል። «ጥንቸል ስኳር ይዟት አይታ የምታውቅ ሚስት ካለች ጠይቃት» ትለዋለች። እየተሳሳቁ ይለያያሉ። ማታ ሲመለስ መለኪያዋን ከቦርሳው ታወጣና ቁልፏን ተጭና የቀኑን ቁጥሮች ታያለች። ከምሳ በፊት ዘጠና ሁለት። ከምሳ በኋላ መቶ አሥራ ስምንት። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሣልስቱም እንደዚያው።

«ጎበዝ! ጎመኔ ሠራ ማለት ነው» አለች፤ ኮራች።

ኩራቷ ግን ብዙ አልቆየም። ቁጥሩ የጤነኛ ሰው ነው፤ ሰውየው ግን ጤነኛ አልመስል አላት። አንድ ጆግ ውኃ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል። ከእንቅልፉ እየተነሳ ሽንት ቤት ይመላለሳል። ጋዜጣውን ክንዱ እስኪዘረጋ አርቆ ያነባል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ አፍንጫው ያስጠጋዋል። አንድ ቀን ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው በደም ርሶ አየች። ትንሽ ሚስማር የጫማውን ሶል በስታ ተረከዙ ላይ ተሰክታለች፤ እሱ ግን አልተሰማውም።

«ቀኑን ሙሉ በዚህ ነው የቆምከው?»

«ሥራ ላይ ሆኖ ማን ልብ ይላል!» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም።

መጀመሪያ የጠረጠረችው መለኪያዋን ነው። ባሏ ገላውን ሲታጠብ ጠብቃ የራሷን ጣት ወጋችና ለካች። ዘጠና ሰባት። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ስታልፍ ጎራ ብላ በሲስተሯ ማሽን ተለካች፤ ያው ነው። መለኪያዋ ንጹሕ ናት። እንግዲህ ማሽኗ ካልዋሸች የሚዋሽ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው፤ ይህን ስታስብ በገዛ ሐሳቧ አፈረች። ቢሆንም ሐሳቡ አንዴ ገብቷል፤ እንደ ስንጥር የትም ብትዞር ይወጋታል።

ከእሷ ጋር በሩ ላይ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች። የማታውቀው ወሬ ስለሌለ ራዳር ይሏታል። ፈታሿ ለእሷ መንገር አልነበረባትም፤ አፏ አምልጧት ነገረቻት።

«እኔን ካልሽ» አለች ራዳር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የአንቺን ጎመን ለድመት ሰጥቶ ሌላ ቤት ነው የሚበላው።»

«ሌላ ቤት ቢበላማ ቁጥሩ ይጨምር ነበር እንጂ ለምን ያምራል?»

«እሱን እንግዲህ አላውቅም። ግን ወንድ ልጅ እንዲህ ሲያምርለት አልወድም።»

ፍሬ ቢስ ወሬ ነው፤ ቢሆንም ፈታሿ ሆድ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ማታ ባሏ ሲገባ ሸሚዙን አሸተተች። የቫርኒሽና የኮላ ሽታ እንጂ ሌላ የለውም። የኪሱን ጥግ ገለበጠች። የብስኩት ፍርፋሪ አገኘች፤ ከሰጋቱራ ጋር ተደባልቋል። ጣቷን አርጥባ ቀመሰችው። ጣፋጭ ነው። ስትቀምሰው ራሷን አየችና ደነገጠች። የፋብሪካውን በር እቤቷ ይዛው ገብታለች።

የክትትል ቀናቸው ደርሶ ሲስተሯ ጋ ሲቀርቡ ደም ተወስዶ ላብራቶሪ ገባ፤ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ሲስተሯ ወረቀቱን በአንድ እጇ፣ መለኪያዋን በሌላ እጇ ይዛ ግራ ተጋባች።

«አባቴ፣ ይሄ የሁለት ሰው ነው የሚመስለው። በማሽኑ ብሄድ ታመው አያውቁም። በላብራቶሪው ብሄድ ደግሞ በጣም ከፍ ብሏል። በትክክል ነው የሚለኩት?»

ያን ጊዜ አናጢው ማውራት ጀመረ። እጁን በሳሙና እንደሚታጠብ፣ እንደሚያደርቅ፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ እንደሚጠርግ፣ ስትሪፑ ርጥበት እንዳይነካው ቆርቆሮውን ቶሎ እንደሚዘጋ፣ አለቃው ሳይቀር ጥንቃቄውን እንዳደነቀለት አወራ፤ ሳይጠየቅም ስለ አየሩ ጨመረበት። ፈታሿ ከጎኑ ተቀምጣ ጫማዋን ታያለች። ያለልክ የሚያወራ ሰው ስትሰማ የመጀመሪያዋ አይደለም።

ሲስተሯ «እሺ፣ አንድ ወር ደግሞ ጠበቅ አድርገን እንከታተል። ከዚያ ግን መርፌውን መጀመራችን ነው» ብላ ሸኘቻቸው።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ከምሳ በፊት መቶ አርባ ሆነ፤ ከምሳ በኋላ ሁለት መቶን ነካ። ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ የፊተኛው ሁለት መቶ አልፎ፣ የኋለኛው ሦስት መቶ ሊደፍን ትንሽ ቀረው። ፈታሿ መለኪያዋን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገቻት።

«እንግዲህ ንገረኝ። የት ነው የምትበላው?»

«ያንቺኑ ጎመን ነው እኮ የምበላው!»

«ኪስህ ውስጥ ብስኩት አግኝቻለሁ።»

አናጢው አቀረቀረ። «ብስኩቱን በልቻለሁ። አልዋሽሽም። ግን ይሄ…» ብሎ መለኪያዋን አነሳ፤ ዓይኑን አጥብቦ አያት፤ የሰው ዕቃ በስህተት እጁ የገባ ይመስል ገለባበጣት። «ይሄስ ልክ አይደለም። ተበላሽታ ነው።»

«ስታመሰግንህ ደህና ነበረች፤ ስትከስህ ተበላሸች?»

«ተበላሽታ ነው አልኩሽ።»

«እሺ፣ አሁን እፊቴ ተለካ።»

«ስትሪፑ ለምሳ ነው የተሰጠኝ፤ ያልቃል» አለና ተነስቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ የገባው ራት ሲቀርብ ነው፤ አፉን ለጉሞ በላ። ከማውራቱ ይልቅ ዝምታው አስፈራት።

እሑድ ዕለት አውራ ጣቱ ውስጥ ስንጥር ገብቶበት እንድታወጣለት ጠየቃት። መስኮቱ ሥር አስቀምጣ መርፌዋን በክብሪት አቃጥላ እጁን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ስንጥሩን ስትፈልግ ግን ዓይኗ ሌላ ነገር ላይ አረፈ። የራሷ አንድ ጣት አንዴ ብቻ ተወግቶ ጥቁሯ ነጥብ ለቀናት አልጠፋችም ነበር። ይህ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ጣቱን ሲወጋ ከርሟል። አንዱን ጣት ዞር አደረገችው፣ ቀጠለች፣ ሌላኛውንም እጅ «አሳየኝ እስቲ፣ እዚህም ሳይገባ አልቀረም» ብላ ተቀበለችው። መላጊያ ያደነደነው ቆዳ አለ፣ የድሮ የመጋዝ ጠባሳ አለ። አንዲት ነጥብ የለም።

ስንጥሩን አወጣችለት። መርፌዋን ጠርጋ ልብሷ ላይ ሰካች።

በማግስቱ ለራዳር «ምሳ ሰዓት ላይ ያዥልኝ» ብላ ከሥራ ወጣች። ራዳር የት እንደምትሄድ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ ፊቷን ስታይ ዘጋችው።

የእንጨት ሥራ ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች ለምሳ ወጥተው መጋዙ ዝም ብሏል። ፈታሿ በሩ ውስጥ ተገን አድርጋ ቆመች፤ አዲስ የተሠሩ የቁም ሣጥን መዝጊያዎች ግድግዳውን ተደግፈው ስለነበር ሙሉ ሰው ይሸፍናሉ። ሴት ትኖራለች ብላ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የምትላትን ሁሉ አዘጋጅታ ነው የመጣችው። ያየችው ግን ባሏንና ቀጮን ብቻ ነው።

ቀጮ ቫርኒሽ ቀቢው ነው፤ ከባሏ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያረጀ ጓደኛው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ዓመት እስከ ዓመት ሳቅና ጨዋታ ነው። ከድሮም ቀጭን ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት። አሁን ግን ፈታሿ ስታየው ክው አለች። ሱሪው ወገቡ ላይ በገመድ ተሰብስቧል፤ ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል። የውኃውን ጀሪካን አንስቶ በአፉ ያንቆረቁራል።

«ቶሎ በል እንጂ፣ ርቦኛል» አለ ቀጮ አፉን እየጠረገ።

«ጣትህን አምጣ» አለ አናጢው።

«ዛሬ በግራዬ ይሁን። ቀኙን ወንፊት አደረግከው እኮ።»

አናጢው የቀጮን ጣት ጠረገ፣ ወጋ፣ ጨመቀ። ጠብታዋን ስትሪፑ ላይ አስነካ። መለኪያዋ ጢጥ አለች። የአናጢው ዓይን ቁጥሩ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ስንት አለችህ?»

«እ… ተበላሽታለች።»

ፈታሿ ከመዝጊያዎቹ ጀርባ ወጣች።

«የማን ደም ነው?» አለች።

አናጢው ከተቀመጠበት ሳንቃ ብድግ አለ። ቀጮ ደግሞ ነገሩ ሳይገባው ፊቱ በራ። «እንዴ እታለም! ምን እግር ጣለሽ? ነይ፣ ምሳ ደርሰሻል።»

«የማን ደም ነው አልኩ?»

«የኔ ነዋ» አለ ቀጮ፤ ከአናጢው ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ አናጢው እያየ። «የእሱ ጣት ደንድኖ ደም አልወጣ አለኝ ሲል ነው የማበድረው። ታውቂ የለ እንዴ? አውቃለች ብለኸኝ የለ?»

ፈታሿ ሄዳ መለኪያዋን ከአናጢው እጅ ላይ ወሰደች። ሦስት መቶ አርባ አንድ ትላለች።

ለካስ ስትናደድበት የከረመችው ቁጥር የባሏ አይደለም። ያ ዘጠና ሁለትም፣ ያ መቶ አሥራ ስምንትም የዚህ ሰው ነው፤ ያ ቀስ በቀስ የወጣውም የዚሁ ሰው ነው። ለባሏ ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ አፏ ላይ ደረቀ።

«ቀጮ፣ ምሳ በልተሃል?»

«ኧረ ገና ነው፣ ይኸው እየጠበቅሁ!»

«ውኃ ይጠማሃል?»

«ቫርኒሹ ነው እታለም። ጉሮሮ ያደርቃል።»

«ቫርኒሹን ዛሬ ነው የጀመርከው? ማታስ ለሽንት ትነሳለህ?»

ቀጮ አፈረ፤ ተሽኮርመመ። «እንዲህ ያለ ነገር ሴት ፊት…» አለና የፊቷን ሁኔታ ሲያይ ጨዋታውን ተወው። «አልጋዬ ላይ መተኛቴን ትቼዋለሁ በይው። ሆዴንም ያቅለሸልሸኛል። ምነው?»

ፈታሿ አዲስ መውጊያ አወጣች። የባሏን እጅ እንደ ሌባ እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘችና ጣቱን ወጋችው። አልታገላትም። ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት።

«ሁለታችሁም ተነሱ» አለች።

«ስኳር እኮ የወፍራም ነው» አለ ቀጮ፤ ድምፁ ግን ቀጥኗል። «እኔን ምኔን አግኝቶት?»

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሲስተሯ ቀጮን አንዴ ለካችው፣ ሽንቱን አስመረመረች፣ ከዚያ ሐኪሙን በሩጫ ጠራች። ወዲያው አልጋ ተሰጠው፤ ግሉኮስ የሌለው ፈሳሽ ተሰካለት፤ ኢንሱሊን ተጀመረለት። ሐኪሙ «ጥቂት ቀን ቢቆይ ራሱን ስቶ ነበር የምታመጡት» አለ። ሲስተሯ ስለ መለኪያዋ ስትሰማ ወረቀቱንና ማሽኑን ይዛ ግራ የተጋባችበት ቀን ትዝ ብሏት ራሷን ነቀነቀች፤ ሰው ፊት ግን አናጢውን አልተቆጣችም።

ባልና ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«አባቴን» አለ አናጢው በመጨረሻ፣ «ልጅ ሆኜ ነው ያየሁት። መርፌ ጀመረ። ከዚያ ጣቱ ተቆረጠ። ከዚያ እግሩ። ከዚያ ቀበርነው። ሲስተሯ መርፌ ስትለኝ ያ ሁሉ መጣብኝ። ቁጥሩ ካማረ አትሰጠኝም አልኩ።»

«ይሄን ለእኔ መናገር አቃተህ?»

«ብነግርሽ ወደ መርፌው ትጎትችኛለሽ።»

«እጎትትሃለሁ! እሱንስ እሺ፤ ገላህ ነው። የእሱ ቁጥር ሲወጣ እያየህ ለምን ዝም አልክ?»

አናጢው እጁን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። «ተበላሽታ ነው ብዬ ነበር። መጀመሪያ ከልቤ። በኋላ ግን ሱሪውን በገመድ ሲያስር አየሁት። ብናገር የእኔም ይወጣል ብዬ፣ ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ…»

ፈታሿ ፊቷን አዞረች። ሌላ ሴት ብታገኝ ኖሮ ይቀላት እንደነበር ያን ጊዜ ተሰማት፤ ሌላ ሴትን መቆጣት ታውቅበታለች። የፈራ ሰውን እንዴት እንደሚቆጡት ግን አላወቀችም።

ሲስተሯ ወጥታ ከአናጢው አጠገብ ቁጭ አለች። የአባቱን ነገር በግማሽ ሰምታለች።

«አባትዎን የገደላቸው መርፌው አይደለም» አለችው። «መርፌው ዘግይቶ ነው የደረሰው። እርስዎ ዘንድ ገና አልዘገየም። ግን ከእንግዲህ የራስዎን ጣት ነው የምፈልገው።»

ቀጮ ነፍስ ዘርቶ መቀመጥ ሲችል ሊጠይቁት ገቡ። አናጢው በሩ ላይ ቆሞ አልገባ አለ። ቀጮ ከአልጋው ላይ ሆኖ ጠራው።

«ና ግባ፣ ሌባ! ደሜን ስትሰርቅ እንዲህ አልተግደረደርክም።»

«ይቅር በለኝ።»

«ባትሰርቀኝ ማን ይለካኝ ነበር? እኔ እንደሆነ ጤና ጣቢያ የማውቀው ወንበሩን ስቀባ ነው።» ሳቀ፤ ሳል አቋረጠው። ከዚያ ሳቁን ትቶ ጓደኛውን ትክ ብሎ አየው። «ግን ብትነግረኝ ጥሩ ነበር።»

አናጢው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ፈታሿ ሊለቃቀሱ ነው ብላ ውኃ ልታመጣ ወጣች፤ ስትመለስ ስለ አንድ ያልደረቀ ቁም ሣጥን እየተከራከሩ አገኘቻቸው።

ቀጮ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ራሱን ይወጋል፤ ከምግብ በፊት ለክቶ የመርፌውን መጠን ያሰላል። ሥጋው ተመልሷል፤ ገመዱንም ጥሎታል። አናጢውም መርፌ ጀመረ፤ ማታ ማታ አንድ ብቻ። እንደፈራው አልሆነበትም። የመጀመሪያውን ቀን ዓይኑን ጨፍኖ ተወጋና «አለቀ?» ብሎ ጠየቀ።

ፈታሿና ባሏ መሀል ግን ነገሩ ቶሎ አልሻረም። ሲለካ አጠገቡ ትቆማለች፤ ጠብታዋ ከየትኛው ጣት እንደወጣች ታያለች። ቁጥሩ ሲያምር ደስ አይላትም፤ እንደገና ተለካ ትለዋለች። እሱም አይቆጣም። እሷም እንዲህ መሆኗን ትጠላዋለች፤ ግን አልተው አላት። ራዳር «አሁንስ ታምኚዋለሽ?» ስትላት ወሬ ታስቀይራለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አናጢው ከሥራ ቀደም ብሎ ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ መለኪያዋን አውጥቶ እፊቷ አኖረ።

«ከምሳ በኋላ ሁለት መቶ አሥር ነው» አለ። «ብስኩት በልቼ ነው። ሻይ ሲመጣ እጄን መሰብሰብ አቃተኝ።»

ፈታሿ ቁጥሩን አየችው። ከሚገባው በላይ ነው፤ ሲስተሯም አትወደውም። እሷ ግን ለስንት ጊዜ የተጫናት ነገር ከደረቷ ላይ ትንሽ ሲነሳ ተሰማት። አጠገቡ ተቀመጠች።

«ስንት ብስኩት?»

«ሁለት።»

ዝም ብላ አየችው።

«ሦስት» አለ አናጢው። ትንሽ ቆየና፣ «አራተኛው ተሰባብሮ ስለነበር አልቆጠርኩትም።»

«ቁጠረው» አለችው፤ ሳቋን ልትውጠው ሞክራ አቃታት።